ከሆሎኮስት መጽሐፎችና ፊልሞች ያልለቀቃችሁ የትኛው ነው? እኔን የማያለቅሰው ጸሐፊ ገደለኝ

መዓዚ_አንባቢ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን የፕሪሞ ሌዊን «ይህ ሰው ከሆነ» በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው። ሰውዬው የቱሪን ልጅ ነው፣ ጣሊያናዊ አይሁድ፣ ሙያው ኬሚስት፣ በ1944 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ናዚዎች አይሁዶችን ይጨርሱበት የነበረው አውሽዊትዝ ካምፕ ተወስዶ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ። እና ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ማለፍ አቅቶኛል፣ የሚያወራኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ቦታው እዚህ ጋ ነው። አይሁዶቹን ፎሶሊ የሚባል ካምፕ ውስጥ ሰብስበዋቸው ነገ ትሄዳላችሁ ተባሉ። ምን እንደሚጠብቃቸው ገብቷቸዋል። ሌሊቱን አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ እስኪሰክር ይጠጣል፣ እናቶቹ ግን ቁጭ ብለው የመንገድ ስንቅ ያዘጋጃሉ፣ ልጆቻቸውን ያጥባሉ፣ ሻንጣ ያስራሉ፣ ሲነጋ ያ የታጠሩበት እሾሃማ ሽቦ ሙሉውን የልጆች ልብስ ተሰጥቶበት ነበር፣ እንዲደርቅ። የሽንት ጨርቁን አሻንጉሊቱን ትራሱን እንኳን አልረሱም። ከዛ ሌዊ ወደ እኛ ዞር ይልና እናንተስ ብትሆኑ እንደዛ አታደርጉም ወይ፣ ነገ ከነልጃችሁ የምትገደሉ ቢሆን ዛሬ አታበሉትም ወይ ብሎ ይጠይቃል። በቃ ይሄው ነው። አይራገምም፣ ዋይ አይልም፣ ወደ ባቡሩ ያልፋል። እሱ የተጫነበት ፉርጎ ውስጥ 45 ሰው ነበረ፣ ቤታቸው የተመለሱት 4 ናቸው፣ ይሄንንም ባንድ መስመር ነግሮሽ ይቀጥላል።

ስለ ሆሎኮስት ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ አልቅሻለሁም፣ ሙዚቃው ሲጀምር ገና እንባዬ ይመጣል። በማግስቱ ግን ስራ ገብቼ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ እየጠጣሁ እስቃለሁ። ይሄ ግን አለቀቀኝም፣ ልብስ ሳሰጣ እነዛ እናቶች ናቸው የሚመጡብኝ። ሳስበው ያስለቀሱኝና ውስጤ የቀሩት ለየብቻ ናቸው፣ ውስጤ የቀሩት በሙሉ ደግሞ እኔን ለማስለቀስ ያልለፉት ናቸው። እናንተስ? መጽሐፍም ይሁን ፊልም የቱ ነው ያልለቀቃችሁ፣ የቱ ቦታ ላይ?

ሚኪ_ሲልቨርስፕሪንግ

መዓዚዬ ክሩን ስለከፈትሽው ተባረኪ። እኔ ግን ልከራከርሽ ነው። እኔን እስካሁን ያልለቀቀኝ የሮቤርቶ ቤኒኒ «ላይፍ ኢዝ ቢዩቲፉል» ነው፣ እሱ ደግሞ ሆን ተብሎ እንድናለቅስ የተሰራ ነው ከነሙዚቃው። አባትየው ካምፕ ውስጥ ሆኖ ልጁን ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ መጀመሪያ 1000 ነጥብ የሞላ እውነተኛ ታንክ ይሸለማል እያለ ያሞኘዋል አይደል። መጨረሻ ላይ ወታደሩ ሊገድለው እየነዳው ሲሄድ ልጁ ከተደበቀበት ሳጥን ውስጥ እያየው እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚህ እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ እንደ ሰልፈኛ እየተራመደ በዓይኑ ጠቅሶት ያልፋል። እኔ የሴት ልጅ አባት ነኝ። የዛን ቀን ፊልሙን አቁሜ የተኛችበት ክፍል ገብቼ ቆሜ አየኋት።

ብዙ ሰው ካምፕ ላይ ኮሜዲ እንዴት ይሰራል ብሎ ተቆጥቷል፣ ይገባኛል። ግን የቤኒኒ አባት ራሱ ጀርመን ውስጥ በጉልበት ካምፕ ሁለት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ነው፣ ለልጆቹም እንዳይደነግጡ እያለዘበ እያሳቀ ነበር የሚያወራላቸው። ልጁ ያደገበትን አነጋገር ነው ፊልም ያደረገው። እንባ ሁሉ ርካሽ አይደለም እህቴ።

ቤቲ_ቂርቆስ

እኔ የአይሁዷን ልጅ የአና ፍራንክን «የአና ማስታወሻ» ሃይስኩል እያለሁ በአማርኛ ነው ያነበብኩት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ የተገነጠለ ኮፒ ነበር። እና ያን ጊዜ ስለ ጦርነቱ ምንም አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል፣ አንብቤ የወደድኳት ከእናቷ ጋር ስለምትጣላ ነው!! እህቷ ማርጎት ጨዋዋ፣ እሷ አፍ የበዛባት የምትባለው፣ እኔም ቤት እንደዛው ነበር። ደብተሩን 13 ዓመት ሲሞላት ለልደቷ ነው የሰጧት፣ ጁን 12 1942፣ ወር ሳይሞላ ተደበቁ። ከዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ስር ሆና ትስቃለች፣ ታኮርፋለች፣ አብሯቸው የተደበቀውን ልጅ ፒተርን ትወዳለች፣ ድንች ትልጣለች። ሁሌ ነገ የሚባል ነገር ያለ ነው የሚመስልሽ።

መጨረሻው ገጽ ኦገስት 1 1944 ነው። ገልብጬ ቀጣዩን ስፈልግ የለም። ኦገስት 4 ተያዙ የሚለውን ከመጽሐፉ ጀርባ ነው ያነበብኩት። መዓዚ እንዳልሽው እሷም እንዳለቅስላት ብላ አልጻፈችም፣ መሞቷን አታውቅማ። ለዛ ነው መሰለኝ እንደ ጓደኛ የሞተችብኝ።

ሄኖክ_ሮተርዳም

ቤቲ፣ እኔ አምስተርዳም ያለውን ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ፕሪንሰንግራኽት 263፣ አሁን ሙዚየም ነው። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ የቤት እቃ የለም፣ አባትየው ኦቶ ፍራንክ ባዶ ሆኖ እንዲቀር ስለፈለገ። ከተደበቁት 8 ሰዎች በህይወት የተመለሰው እሱ ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ በመስታወት ተሸፍኖ። እናትና አባት የልጆቹን ቁመት እየለኩ በእርሳስ ያሰመሩት መስመር። እኛም ቤት በር መቃን ላይ ስንለካ አድገን የለ። አና እዛ ተደብቃ ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጋለች። ውጭ ለአንድ ልጅ ጸሐይ ማየት የሞት ፍርድ በሆነበት ሰዓት እዚህ ውስጥ እናቷ ቀጥ በይ፣ ተረከዝሽን አታንሺ ብላ ለክታታለች ማለት ነው። ከፊትና ከኋላዬ ቱሪስት ነበር፣ እዛች ጋ ሁሉም ዝም ይላል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ ማርች 1944 ከለንደን በሚተላለፈው የሆላንድ ሬዲዮ አንድ ሚኒስትር ከጦርነቱ በኋላ ማስታወሻና ደብዳቤ እንሰበስባለን ብሎ ተናገረ፣ እሷ ያንን ሰምታ ደብተሯን እንደ አዲስ ለመጽሐፍ ብላ ማረም ጀመረች። ስለዚህ የምናነበው የሕጻን ልጅ ሆድ ብሶት ብቻ አይደለም፣ ጸሐፊ ለመሆን የቆረጠች ልጅ ስራ ነው። የተበተነውን ወረቀት ከወለል ላይ ለቅማ ያስቀመጠችው ሚፕ ሂስ ናት፣ ስትረዳቸው የነበረችው የቢሮ ሰራተኛ፣ ሳታነበው መሳቢያ ውስጥ ከታው ነበር። 1947 ታተመ።

ዳኒ_ቡክስ

እንዴ እስካሁን «ዘ ቦይ ኢን ዘ ስትራይፕድ ፓጃማስ» አልተጠራም?? እንደሱ ያስለቀሰኝ የለም፣ መጽሐፉም ፊልሙም። ያላያችሁ ዛሬውኑ እዩት። የናዚው አዛዥ ልጅ በአጥሩ ስር ከአይሁዱ ልጅ ጋር ጓደኛ ይሆንና መጨረሻ ላይ... አልናገርም በቃ።

ሄኖክ_ሮተርዳም

ዳኒዬ አክብሬህ ነው የምነግርህ፣ ልብህ መነካቱን አልነቅፍም። ግን ይሄ መጽሐፍ ልብወለድ ነው፣ እዛ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ሊሆን የሚችል አይደለም። የአውሽዊትዝ ሙዚየም ራሱ በ2020 የሆሎኮስትን ታሪክ የሚማርም የሚያስተምርም ሰው ከዚህ መጽሐፍ ይራቅ ብሎ በይፋ ተናግሯል። አውሽዊትዝ ወደ 232,000 የሚጠጉ ሕጻናትና ወጣቶች ተወስደዋል። የዘጠኝ ዓመት አይሁድ ልጅ ከባቡር ሲወርድ ለስራ አይሆንም ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ጋር ቀጥታ በመርዝ ጋዝ ወደሚገደሉበት ክፍል ነው የሚነዳው። በየቀኑ አጥር ስር ቁጭ ብሎ ከጓደኛ ጋር የሚያወራበት ጊዜ የለውም፣ አጥሩም ኤሌክትሪክ ነው።

እና ደግሞ መጨረሻው ላይ ለማን እንዳለቀስክ አስታውስ። ካሜራው የሚያሳየን የጀርመኑን ቤተሰብ ድንጋጤ ነው፣ እናቱ ስትጮህ። የአይሁዱ ልጅ እናት የታለች?

ዳኒ_ቡክስ

እንደሱ አስቤው አላውቅም እውነት ለመናገር። ግን እኮ እኔ ስለ ሆሎኮስት ለማንበብ የተነሳሳሁት በሱ ነው። እሱን ባላነብ ዛሬ እዚህ ክር ላይ አልኖርም ነበር።

መዓዚ_አንባቢ

ዳኒ ይሄ ያልከው ቀላል ነገር አይደለም፣ በሱ ገብተህ እዚህ ከደረስክ ጥሩ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ብዙ ሰው እዛው ይቀራል፣ አልቅሶ ወጣልኝ ብሎ ይዘጋዋል፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ። ሚኪ አንተም ለጠቀስከው መልስ ይሁንልኝ፣ ቤኒኒ ቢያንስ ፊልሙ ሲጀምር ተረት መሆኑን ይነግረናል። ያኛው ግን እውነት መስሎ ነው የሚገባው።

አበራ_77

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። የሰው ሁሉ ሞት ያሳዝናል፣ ግን እኛ ለራሳችን ሙታን አልቅሰን ጨርሰናል ወይ? የካቲት 12 ስንት ሺህ ሰው በአካፋና በዶማ አዲስ አበባ ላይ ሲጨፈጨፍ ማን ፊልም ሰራልን? ቀይ ሽብርስ? የፈረንጅ ሀዘን በሲኒማ ተሰርቶ ስለመጣ ነው እንጂ የምናለቅሰው የኛ እናቶችስ ልብስ አላሰጡም ወይ?

ታደሰ_መምህሩ

አቶ አበራ ጥያቄዎ የሚናቅ አይደለም፣ እኔም ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ነገር እንደ ሌላና ሌላ ሀዘን አድርገው ያስቀመጡበት ላይ ልጨምር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በሆነ በሁለተኛው ወር፣ በፈረንጅ አፕሪል 1937 ማለት ነው፣ የሙሶሊኒ መንግስት አንድ አዋጅ አወጣ። ጣሊያናዊ ሆኖ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል የሚል ነው። ዘር ላይ የተመሰረተው ሕግ መጀመሪያ የተለማመደው እኛ ላይ ነው። በዓመቱ በ1938 ደግሞ ያው መንግስት ወደ ገዛ ዜጎቹ ዞረና አይሁዶቹን ከትምህርት ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከመንግስት ስራ አባረረ። ወይዘሪት መዓዚ የሚያነቡት ፕሪሞ ሌዊ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ አስቀድሞ ተመዝግቦ ስለነበረ እንዲጨርስ ፈቀዱለት። በ1941 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፣ ዲፕሎማው ላይ ግን የአይሁድ ዘር መሆኑ ተጽፎበታል።

ስለዚህ ይሄን ሰው ሳነብ የሩቅ ሰው ሀዘን አይመስለኝም። እኛን የረገጠው ጫማ ነው ቱሪን ድረስ ሄዶ በሩን ያንኳኳበት። ስለ የካቲት 12 በቂ መጽሐፍና ፊልም የለንም ባሉት እስማማለሁ፣ በጣም ያንገበግበኛል። ግን ምስክርነት እንዴት እንደሚጻፍ ከማን እንማር ቢሉኝ እኔ ከሌዊ ብዬ ነው የምመልስልዎት። ቁጭ ብሎ ማን ምን አለ፣ ሾርባው በስንት ሰዓት መጣ፣ ጫማው በየት በኩል ተቀደደ እያለ ጻፈ። በ1947 መጽሐፉን ታላቁ ማተሚያ ቤት አልቀበልም ብሎት ትንሽ ማተሚያ ቤት 2,500 ቅጂ አተመለት። ዛሬ ዓለም ያነበዋል። የኛ አዛውንቶች አልፈው ሳያልቁ እንዲሁ መጻፍ ነበረብን፣ አሁንም የቀሩትን እንጠይቅ።

አበራ_77

መምህር ያ አዋጅ መኖሩን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። አያቴ ስለ ጣሊያን ጊዜ የሚያወሩትን ማንም አልጻፈውም፣ ሄዱ።

ራሔል_ነታንያ

ሻሎም ለሁላችሁም፣ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ ዛሬ ግን ልጻፍ። እኔ እስራኤል ነው የምኖረው፣ የአዛውንቶች ቤት ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። ከምንከባከባቸው ውስጥ ከሾአ (ሆሎኮስትን እዚህ እንደዛ ነው የምንለው) የተረፉ አሉ። አንዷን እናቴን እንደምወዳት ነው የምወዳት፣ ስሟን አልናገርም፣ ከሀንጋሪ ናት። በ1944 ከሜይ እስከ ጁላይ ከሀንጋሪ ብቻ ከ400,000 በላይ አይሁድ በባቡር ተጭኗል፣ ሕጻን ሆና ከነሱ ውስጥ ነበረች።

ይቺ ሴት ሻወር ቤት አትገባም። ስራ ስጀምር ማንም አልነገረኝም፣ ውሃውን ከላይ ከፈትኩት፣ ከዛ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። አሁን እንዴት እንደምናጥባት ልንገራችሁ። በሩ ክፍት ይሆናል፣ ሁልጊዜ። ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ውሃው በጆግ ነው፣ መጀመሪያ እሷ ጣቷን ከታ ሙቀቱን ታያለች፣ እሺ ስትለኝ ብቻ ነው የማፈሰው። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጌ በፊት እናገራለሁ፣ አሁን እጅሽን ነው፣ አሁን ጀርባሽን ነው እያልኩ። ፎጣው እሷ የምታየው ቦታ ይሰቀላል። ቸኩዬ አላውቅም፣ ሌሎቹ እስኪቆጡኝ ድረስ።

ትምህርት ቤት እያለሁ እሱም ከካምፕ የተረፈውን የኤሊ ቪዘልን «ሌሊት» በዕብራይስጥ አስነብበውን ነበር። አባቱ ቡኸንዋልድ የሚባል ካምፕ ውስጥ ሲሞት ውሃ ውሃ እያለ ልጁን በስሙ ይጠራዋል፣ ልጁ ዱላውን ፈርቶ አይመልስለትም፣ ጠዋት ሲነቃ በአባቱ ቦታ ሌላ በሽተኛ ተኝቷል። ክፍል ውስጥ ሲነበብ እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም። እናቴ በ1984 ከጎንደር ተነስተው በእግር ሱዳን ሲገቡ ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ አባቷ ውሃ ሲለምናት የምትሰጠው አልነበራትም። ዛሬም ሌሊት ተነስታ ብርጭቆ ሞልታ ራስጌዋ ታስቀምጣለች። አንዱን ከአንዱ ጋር አላመሳስልም፣ በዛ መንገድ ላይ ወደ 4,000 ቤተ እስራኤል አልቋል፣ እዛ ደግሞ 6 ሚሊዮን። ግን ያን ገጽ ያነበብኩት በእናቴ በኩል ነው። የሆሎኮስት መታሰቢያው ያድ ቫሼምም በሱዳን መንገድ ለቀሩት የተሰራው መታሰቢያም ያሉት አንድ ተራራ ላይ ነው፣ ሄርጽል ተራራ፣ እናቴን በየዓመቱ ይዣት እሄዳለሁ።

መዓዚ ያልሽው በጣም ገብቶኛል። የማጥባት ሴትዮ ስታወራኝ አታለቅስም። ያን ቀን ስለነበረው አየር፣ እህቷ ስላሰረችላት የጫማ ክር ነው የምታወራው።

መዓዚ_አንባቢ

ራሔልዬ እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። ሌላ ምንም ማለት አልችልም አሁን።

ቤቲ_ቂርቆስ

ራሔል ይሄን ጽፈሽ አስቀምጪው እባክሽ፣ የሷንም የእናትሽንም።

ሄኖክ_ሮተርዳም

ራሔል የጻፈችውን ሳነብ ክሎድ ላንዝማን በ1985 ያወጣው «ሾአ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ትዝ አለኝ። 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ የሬሳ ምስል የለም፣ የድሮ ፊልም የለም፣ ሙዚቃ የለም። የተረፉትን፣ መንደርተኞቹን፣ ገዳዮቹን እየጠየቀ ያወራል፣ ባዶ ሜዳና የባቡር ሀዲድ ያሳያል፣ ያው ነው። አብራሃም ቦምባ የሚባል ጸጉር አስተካካይ አለ፣ ትሬብሊንካ የሚባለው የሞት ካምፕ ላይ ወደ ጋዙ የሚገቡትን ሴቶች ጸጉር እንዲቆርጥ ተደርጎ የነበረ። ቴል አቪቭ ጸጉር ቤት ውስጥ የሰው ጸጉር በመቀስ እየቆረጠ ነው የሚያወራው። አብሮት ይሰራ የነበረ ጓደኛው ሚስትና እህት የገቡበት ቀን ጋ ሲደርስ ቆመ። መናገር አቃተው። ላንዝማን መቀጠል አለብህ ይለዋል፣ ሰውዬው አልችልም ተወኝ ይላል፣ መቀሱ ግን እጁ ላይ ይንቀሳቀሳል። ካሜራው አይሸሽም።

ላንዝማን ስፒልበርግ ስለ ሆሎኮስት የሰራውን ፊልም «ሺንድለርስ ሊስት»ን አጥብቆ ነቅፏል፣ እኔ ግን በዚህ አልከተለውም። ስፒልበርግ ከፊልሙ ደሞዝ አልወሰደም፣ የደም ገንዘብ ነው ብሎ፣ በ1994 ደግሞ የተረፉ ሰዎችን ቃል የሚቀዳ ተቋም መሰረተ፣ ከ50,000 በላይ ሰው በቪዲዮ ተቀድቷል። ብዙዎቹ ዛሬ በህይወት የሉም፣ ድምጻቸው ግን አለ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰበት ፊልም ይሄን ከወለደ እኔ እንባውን አልቃወምም። አቶ አበራ፣ ለአያቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር በስልክም ቢሆን መጀመር ይቻል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሚኪ_ሲልቨርስፕሪንግ

«ሾአ»ን አያለሁ፣ በክፍል በክፍል አድርጌ፣ ባንድ ቀን አልችለውም። ቤኒኒ ላይ ያለኝን አቋም ግን አልለውጥም ሃሃ አይደለም፣ ከልቤ ነው፣ ያ አባት ያደረገውን እኔም ባደርገው ነው የምመኘው።

አንድ ምክር ፈልጌ ግን። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ሆሎኮስት ምንድነው አለችኝ፣ ነገ እነግርሻለሁ ብዬ አሳደርኳት። ምን ላንብብላት? ማስፈራትም አልፈልግም መዋሸትም አልፈልግም።

ታደሰ_መምህሩ

ልጄ ሚኪ፣ ነገ ካልካት ነገ ንገራት፣ አትርሳ። በቁጥር አትጀምር። ስለ አንድ ሰው ንገራት።

ራሔል_ነታንያ

ሚኪ፣ እዚህ ትናንሽ ልጆችን ሲያስተምሩ ካምፑ ውስጥ አያስገቧቸውም። በህይወት የተረፈ አንድ ልጅ ታሪክ ይመርጣሉ፣ ከቤቱ ይጀምራሉ፣ ምን ይጫወት ነበር፣ ምን ይበላ ነበር፣ ከዛ ምን ምን እንደተከለከለ፣ ብስክሌት፣ መናፈሻ፣ ትምህርት ቤት፣ ከዛ ማን እንደደበቀውና ማን ዳቦ እንደሰጠው። መጥፎው ነገር መኖሩን አይደብቁም፣ ሰዎች ተገድለዋል ይሏቸዋል፣ ግን ልጁ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ቤት አለው። የአናን ማስታወሻ 12 ወይ 13 ሲሞላት አቆይላት፣ እኩያዋ ስትሆን ይሻላል። የማታ አታንብብላት፣ ቀን ይሁን፣ ሌላ ነገር የምትሰራበት ጊዜ ከኋላ ይኑራት። ጥያቄ ስትጠይቅህ የጠየቀችህን ብቻ መልስላት፣ ያልጠየቀችውን አትጨምር። ለምን ጠሏቸው ማለቷ አይቀርም፣ የኛ ልጆች ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቁት፣ ለሱ ተዘጋጅ።

ሚኪ_ሲልቨርስፕሪንግ

እሺ እህቴ። እሁድ ከሰዓት አደርገዋለሁ፣ እናቷም ባለችበት። የምትጠይቀኝን እዚሁ መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።